የሩብ ዋጋ ሰሞን

ባለፈው ማክሰኞ ሐሙሲት ላይ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ እስኪሞላ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ዓይኔን የሚያየኝ ሐኪም ቀጥሮኝ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ የቀረው ግን አምስት ስድስት ሰው ነው። አንዲት ቀጭን ልጅ ከተሳፋሪው መሀል እየዞረች ወረቀት ታድላለች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። መነጽሬን ሰክቼ ሳነበው አዲስ ፎቶ ቤት ተከፍቷል፤ «ይህን ኩፖን ይዞ ለመጣ፣ የቤተሰብ ፎቶ በሩብ ዋጋ» ይላል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ የእሷን ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልላ ለልጇ ቆሎ አደረገችበት። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ዘረጋሁት። ልጅቷ ፊቴን አይታ ተመለሰችና «እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። ደህና ግን አልነበርኩም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፤ እኔ በመስኮቱ አንገቴን አዙሬ በሐሳብ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደዚያ የጥር ወር ተመለስኩ።

እኔ ዕድሜዬን በፎቶ ቤት የጨረስኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ አያሌው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ አለፍ ብሎ ሱቁን ሲከፍት ገና ሙሽራ ነበርኩ። ከጎናችን ኮንጎ ጫማ በገመድ ሰክቶ እንደ በርበሬ ዛላ የሚሰቅል ባለሱቅ ነበር። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ከማለዳ ጀምሮ ሸክላ ያጫውታል፤ ሸክላው ስለተጫረ ዘፋኙ «ነይ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ መንገደኛውም አብሮት «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ ያልፋል። ጉርድ ፎቶ ሦስቱ በአንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ ሙሉ ቁመት ሁለት ብር። በዚያ ዘመን መብራት ቀን ቀን ስለማይኖር አያሌው ከጣሪያው ላይ ሁለት ቆርቆሮ ነቅሎ መስተዋት ገጠመበት። ደመና ሲመጣ ደንበኛው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል። ከጀርባው ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ አለ፤ ሐይቁ ላይ ጀልባም ነበረበት። የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮት፣ ሁለት ክራቫትና አንድ የማይሠራ የእጅ ሰዓት ነበረን። ጎረምሶቹ ከታች ሰፊ የሆነ ቴትሮን ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ሰዓቱ እንዲታይ የኮቱን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው፣ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ይቆማሉ። ሴቶቹ የላስቲክ አበባ ይይዛሉ። እኔ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ፎቶውን አጥባለሁ። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው የመድኃኒቱ ሽታ ከቀሚሴ ሳይለቅ ልጆቼን ወልጄ አሳደግኩ። ዛሬም ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ ልቤ ድንገት ይደነግጣል፤ ወረቀቱ ላይ ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ የሚታየኝ ይመስለኛል።

ቅናሽ ያኔም ነበር፤ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። አያሌው ግን ሰውየውን አይቶ ነበር የሚቀንሰው። ለእናቱ የሚልክ ምስኪን ወታደር ሲመጣ፣ ወይ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅ ሲሆን፣ ጠጋ ብሎ በጆሮው ይነግረዋል። «የአንዱን ቅናሽ ሌላው ከሰማ አንዱ ያፍራል፣ ሌላው ይቆጣል» ይል ነበር። ደግሞ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወዲያው አያነሳም። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ቤተሰቡ ያጫውተዋል፤ ሰውየው ካሜራው መኖሩን ረስቶ ትከሻው ሲላላ ያን ጊዜ ነው ቁልፉን የሚጫነው። እኔ ወረፋ የያዘው ሰው ያሳስበኝና በመጋረጃው ቀዳዳ ጣቴን አውጥቼ አጣድፈው ነበር፤ እሱ አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል።

ከዚያ ባለ ቀለም መጣ፣ ከዚያ ዲጂታል መጣ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ ገባ። አያሌው ስልክ የያዘ ሰው ሲያይ የሚያጉረመርምበት ዘመን ሳይረዝም አረፈ። ቤቱን ዘግቼ ልቀመጥ ስል ነው የእህቴ ልጅ ትርንጎ ከአረብ አገር የተመለሰችው። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ምንጣፍ ስታጥብ ኖራ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ የጋሼን ቤት አይዝጉት፤ እኔ ልያዘው» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረው ነገር እምቢ የሚባል አልነበረም። ካሜራ ገዛች፣ ማተሚያ ገዛች፣ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ መብራት ገዛች፤ ግድግዳውን ነጭ ቀባች። እኔንም በዚያ ዕድሜዬ አዲሱን ካሜራ አስተማረችኝ። ሰው ግን አልመጣም። ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሁለት ሦስት ሰው ይገባል፤ ከዚያ ጸጥ ነው። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ስታይ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታንቋቋ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። አንድ ቀን «ስምንት ዓመቴን እዚህ ነጭ ግድግዳ ላይ ነው የቀባሁት» አለችኝ።

ብሩክ የሚባለው ልጅ ከባሕር ዳር የመጣው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። የሚያምር ሸሚዝ፣ የሚያምር አፍ ነበረው። በስልክ ብዙ ሰው የሚከታተለው ቻናል አለው፤ የምግብ ቤት፣ የጸጉር ቤት፣ የልብስ ቤት ቅናሽ ይሸጥበታል። ነገሩን ሲያስረዳን ቀላል ነበር። አራት መቶ ብር የነበረውን የቤተሰብ ፎቶ በመቶ ብር እናደርገዋለን፤ ሰው ኩፖኑን ከእሱ ይገዛል፤ ከመቶው ግማሹ የእሱ ነው። «ሃምሳ ብር እኮ የወረቀቱንና የቀለሙን አይሸፍንም» አልኩት። ሳቅ አለና «እማማ፣ ይህ ትርፍ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። አንዴ ያያችሁ ሰው ነገ በሙሉ ዋጋ ይመለሳል» አለኝ። ኩፖኑ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲያገለግል ተስማሙ። ጥር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ብሩክ አያውቅም፤ አዝመራው ገብቶ፣ ሰው ሁሉ የሚድርበት፣ ቤታችንን ዓመቱን ሙሉ የሚመግብ ያ ወር ነው። ለትርንጎ ነገርኳት። «በጥርም ባዶ ከዋልን ምን እናጣለን? ቤቱ ባዶ ሲውል ማን አዘነልን?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፈረመች። ውሉ ላይ አንድ ነገር ነበረበት፤ ኩፖን የያዘ ሰው በቀኑ ካልተስተናገደ መቶውን የምንመልሰው እኛ ነን፣ ቅሬታውም ቻናሉ ላይ ይወጣል።

በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ያህል ገዛ። ትርንጎ ስልኳን ይዛ ስትዘል አይቻታለሁ፤ ከአረብ አገር ከመጣች ወዲህ ስትዘል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደግሞ ደስ ይሉ ነበር፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ከጣራ ገዳም በታች ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት አንዲት ሴት፣ ልጇ ኩፖን ገዝታላት መጣች። በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ፎቶው ታትሞ ሲወጣ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችውና «ይህች እኔ ነኝ? እንዲህ ነው ሰው የሚያየኝ?» ብላ ልጇን ጠየቀቻት። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሙሉ ዋጋ ቢሆን ያቺ ሴት መቼም አትመጣም ነበር። ስለዚህ ሰው ኩፖን ሲረግም ስሰማ ያቺ ሴት ትዝ ትለኝና ዝም እላለሁ።

ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ጠና። ትርንጎ ለአንድ ቤተሰብ አራት ደቂቃ መደበች። «ቁሙ፣ ወደዚህ እዩ፣ አለቀ፣ ቀጣይ!» የምትለው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ማተሚያው ግሎ ሁለት ጊዜ ቆመ። ለዓመታት የማውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ ሊነጋገሩ መጥተው ሰልፉን አይተው ወደ ሌላ ሄዱ። አንዷ ሙሽራ፣ እናቷንም በሠርጓ ያነሳናት፣ በር ላይ ቆማ «እትዬ ሙሉ፣ ለካ እኛ ውድ ነው የምንከፍለው» ብላኝ ፊቷን አዞረች። ትርንጎ ከሳች፤ ዓይኗ ቀላ፤ ምሳ አትበላም። ማታ ማታ ድምፅ አውጥታ የቀረውን ትቆጥራለች። አንድ ቀን «እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ እያየሻቸው ነው?» አልኳት። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አክስቴ፣ ለማየት ጊዜ የለኝም። ልጨርሳቸው ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ከዚያ በኋላ እየተፈራራን እንውል ነበር፤ ቃል ካወጣን የምንጣላ ይመስለናል።

ያ ቅዳሜ መጣ። ኩፖኑ የሚያበቃው ሰኞ ስለነበረ ያልመጣው ሁሉ ያን ቀን መጣ። ሰልፉ ከበራችን ተነስቶ የልብስ ሰፊዎቹን በረንዳ አልፎ ይታጠፋል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ሴቶች ለፎቶ የተኳኳሉትን በላብ ያጣሉ፤ ሰው በሰው ላይ ይገፋል። ከረፋዱ ላይ ነው አስማረ የመጣው። አስማረ ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ለመታወቂያም ለልጆቹ ትምህርት ቤትም ጉርድ ፎቶ እኛ ዘንድ ይነሳ ስለነበረ አውቀዋለሁ። በቅሎ እየሳበ ነው። በቅሎዋ ላይ አባቱ አያ ሞላ ተቀምጠዋል። እንዴት ያለ አቀማመጥ! ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ። ከሰማንያ ያለፉ ሰው ናቸው። ዶሮ ሲጮህ ተነስተው ነው የወረዱት። አስማረ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ ሙሉ፣ አባቴ ጤና የለውም። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት ብሎናል። ፎቶ የለውም፤ የሠርጉን ጊዜ ጋሽ አያሌው ያነሱት ነበር፣ ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ሄደ። የመታወቂያውንም ላብ በልቶታል። እኔ ያለኝ ይህ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ፎቶ አያነሳም። ነገ… ነገ የሆነ ቀን ለቅሶው ላይ የምንይዘው መልክ እንዳናጣ ነው። ወረቀቱ የለኝም፤ ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ።»

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው መሀል በትሩና ልብሱ ይዞራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ፎቶው ነው ከፍ ተደርጎ የሚያዘው። አስማረ ምን እንደጠየቀኝ በደንብ ገብቶኛል። ሰው እየገፋሁ ወደ ውስጥ ገባሁና ለትርንጎ ነገርኳት። ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ ሰማችኝ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኳት።

«አክስቴ፣ ደጁን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። የታመሙ ሽማግሌ ናቸው።»

ይህን ስንነጋገር ከደጅ የቆመ አንድ ጎረምሳ ሰማን። ስልኩን ከፍ አድርጎ «ከተራ ውጪ ሰው ታስገቡና ቀርጬ ቻናሉ ላይ ባልለቀው! ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ትርንጎ ከንፈሯ ነጣ። ያን ጊዜ ነው ያየችኝ። «ይወስኑ» አለችኝ፤ «እርስዎ አስገቢ ካሉ አስገባለሁ።» ጥፋቱን በእሷ ላይ ላላክክ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልቻልኩም። የጠየቀችው እኔን ነበር። እኔ ደግሞ ያን የተነሳ ስልክ ፈራሁት። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመት በአንድ ጩኸት ሲፈርስ ታየኝ።

ወጥቼ ለአስማረ «ሰኞ በማለዳ ኑልኝ። ቤቱን ለእናንተ ብቻ እከፍተዋለሁ» አልኩት። አስማረ «ሰኞ…» ብሎ አባቱን ቀና ብሎ አያቸው። ወዲያው አልሄዱም። ሽማግሌውን አውርዶ ልብስ ሰፊው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ሰልፉ ይሳሳ እንደሆነ ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። የጥር ነፋስ መንገዱን ጠራርጎ ይወርድ ነበር። ወደ ደጅ በወጣሁ ቁጥር ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ ነው፤ ዓይኔን ግን ከሳቸው ዓይን እሸሽ ነበር። ኋላ አያ ሞላ በከዘራቸው መሬቱን ነካ አደረጉና ለልጃቸው «ተነስ። ገበያ ነው፤ የገበያ ሰው ይቅደም። እኔ መንገድ ይመሽብኛል» አሉት። በቅሎዋ መንገዱን ወጥታ ስትታጠፍ ትርንጎ ከውስጥ «ቀጣይ!» እያለች ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ካሜራውን ከነቦርሳው አነሳሁ። ትርንጎ «ወዴት ነው?» አላለችኝም፤ አንድ ባትሪ ጨመረችልኝና በሩን ከፈተችልኝ። እህል ሊጭን የሚወጣ መኪና አግኝቼ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰደኝ። ከዚያ በእግር ነው። ከአያሌው ጋር ድሮ ለጥምቀት ስንወጣ እየዘለልኩ የምሄድበት ዳገት አሁን ጉልበቴን በየአሥር እርምጃው ያስቆመኛል። የገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጭ አለ፤ በጎቹ ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ቆመዋል። ስወጣ አንዲት ውኃ የተሸከመች ሴት አገኘሁና ቤቱን ጠየቅኋት። እንስራዋን አስተካከለችና «የአያ ሞላን ቤት ነው? ትናንት ከከተማ ሲመለሱ ብርድ መታቸው አሉ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላረፍኩም። ቶሎ ልድረስ ብዬ ወደቅኩ፤ ተነሳሁ፤ እጄ መድማቱን ያወቅኩት ደጃቸው ላይ ነው።

የተቀበለችኝ የአያ ሞላ ሚስት ወይዘሮ ዝማም ናት። እጄን አይታ በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችልኝ። እሳቸው መደቡ ላይ፣ እሳቱ አጠገብ፣ በበግ ለምድ ተሸፍነው ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«መጣሽ?» አሉኝ።

«መጣሁ አያ ሞላ። ካሜራውን ይዤ መጣሁ።»

ለምዱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። «እንዲህ ሆኜማ አታነሺኝም።»

«ፊትዎን ብቻ ነው። ቀና እናደርግዎታለን፤ ጋቢውን…»

«ፊቴ ትናንት ነበር» አሉኝ። «ታጥቤ፣ ተላጭቼ፣ ቀጥ ብዬ መጥቼልሽ ነበር። የዛሬው የሕመም ፊት ነው። ልጆቼ ይህን ከፍ አድርገው ሊያለቅሱልኝ ነው? ተይው።»

አስማረ ተንበርክኮ ለመናቸው። ዝማም ለመነቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የቀረበልኝን ቆሎ በእጄ ይዤ፣ ሳልበላው ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን አያይም፤ አለማየታቸው ነው የከበደኝ። ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ወደ እኛ ተገላበጡ። አስማረ በእጁ ክንዴን ያዘኝ። «ተኝቷል» አለኝ በሹክሹክታ፤ «አሁን ያንሱት። አይሰማም።»

ካሜራውን አወጣሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። በእሳቱ ብርሃን ያ ፊት ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ከንፈራቸው ተከፍቷል፣ ጉንጫቸው ገብቷል። ጣቴ መጫኛው ላይ ነበር። መጫን እችል ነበር። ዝማም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች፤ አድርጊው ወይም አታድርጊው አትልም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ እምቢ ያለ ሰው ፊት ግን ወስጄ አላውቅም። ካሜራውን አወረድኩት። «አልችልም አስማረ» አልኩት፤ «የተኛ ሰው መስረቅ ነው።»

አስማረ ድምፁን አልጨመረም። «እትዬ ሙሉ» አለኝ፣ «ትናንት አምስት ደቂቃ ሰጥተውን ቢሆን ዛሬ ሌብነትም አያሰጋዎትም ነበር።» ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያቺ ግን በቂ ናት።

አያ ሞላ ረቡዕ አረፉ። ለቅሶው ላይ ወጣሁ፤ መቅረት ይቀል ነበር፣ ግን አልቀረሁም። ከየመንደሩ የመጣው ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንዱ ባርኔጣቸውን ይዟል፣ አንዱ ከዘራቸውን፤ በቅሎዋም ተጭና መሀል ትዞራለች። ፎቶ የሚያዝበት እጅ ባዶ ነው። አስለቃሿ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገችና እንዲህ አለች፦

በበቅሎ ላይ ወጥቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣
ከተማ ተራ አጥቶ፣ ገባ ተመልሶ።

ሰዉ ተቀበላት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም፤ ብዙዎቹ ማን እንደሆንኩም አያውቁም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ እኔም ተቀበልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የተባለው እውነት ነው።

ያችን ሙሾ ለትርንጎ ልደብቃት አስቤ ነበር። ሙሾ ግን ከመኪና ይፈጥናል። ገበያ ላይ ከሴቶች ሰምታ መጣችና «ስለ እኛ ነው?» አለችኝ። «ስለ እኛ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቀኑ ያለፈበት ኩፖን የያዘውን እንኳ ከደጅ አልመለሰችም፤ የመጡትን ሁሉ እስከ ሁዳዴ እኩሌታ አነሳቻቸው፤ ደቂቃ መቁጠርም ተወች። ኋላ ብሩክ ለፋሲካ ሁለተኛ ዙር ይዞ መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ በእውነት የጠቀመን መስሎት ነው። «ሦስት መቶ ሰው አውቋችኋል እኮ» አላት።

«ሰው አምጥተሃል፤ አልዋሸህም» አለችው። «የመጣውን ሰው ግን እኔ አላየሁትም።»

«ማየቱ ምን ያደርግልሻል? ካሜራው ያያል።»

«በል ካሜራውን አስፈርመው» አለችው። እየሳቀች ግን አልነበረም።

ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች በሙሉ ዋጋ የተመለሱት በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። ከጣራ ገዳም ሥር የመጣችው ሴት አንዷ ናት፤ የልጅ ልጇን የክርስትና ፎቶ ልታስነሳ መጣች። የቀሩት ቀጣዩን ቅናሽ ፍለጋ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም፤ ኑሮው ነው። በሙሉ ዋጋ ይመጡ የነበሩት ደንበኞች ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠፉ። ቤቱ ልክ እንደ በፊቱ ባዶ ሆነ። ልዩነቱ፣ አሁን ባዶነቱን የምናየው ደክመን ነበር። ያን ዓመት ትርንጎ የጃንጥላ መብራቶቿን ሸጠች። የአንገት ሐብሏንም ሸጠች። እኔ የቤቱን ግማሽ ለጸጉር አስተካካይ አከራየሁ። ያም ሆኖ በሩ አልተዘጋም፤ ዛሬም ክፍት ነው።

በዚያው ሁዳዴ የአያ ሞላ አርባ ሲደርስ እኔ ጉልበቴ አልነሳ ብሎኝ ነበር። ትርንጎ «እኔ እወጣለሁ» አለች። ካሜራውን ትወስድ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ በብርድ ተልጦ። ካሜራውን ከቦርሳው አውጥታ አሳየችኝ። ውስጡ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዝማም ናት፤ ደጇ ላይ፣ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ጉናን ከጀርባዋ አድርጋ ተቀምጣለች። ወደ እኛ ታያለች። አያሌው ቢኖር መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ እንደገና የሚያደርግለት ዓይነት ፎቶ ነው።

«አንድ ብቻ?» አልኳት።

«ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ እንደ ሰው ተጫወትን። ስለ አያ ሞላ ነገሩኝ። ከዚያ ራሳቸው ‹አሁን አንሺኝ፤ ለልጆቼ አንድ መልክ ልተውላቸው› አሉኝ።»

«ደግ አደረግሽ። እንዲያው ከእሳቸው ገንዘብ አልተቀበልሽም መቼም።»

ትርንጎ ካሜራውን ዘጋችው።

«በነጻ ላድርግልዎት ብላቸው ተቆጡኝ» አለች። «‹ልጄ፣ ደግሞ የእኔን መልክ ልታረክሺው ነው?› አሉኝ። ሙሉውን ከፈሉ።»